ናይሮቢን ማን ያሳየናል?

በናይሮቢ ከተማ መካከል፣ የኪማቲና የኬንያታ ጐዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ ስታንሊ የሚባል በ1902 ዓ.ም. የተመሠረተ ሆቴል ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) በሆቴሉ ቡና ቤት ውስጥ አንድ እሾኻም ግራር በቅሎ ነበር፤ ቡና ቤቱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዛፍ ነው። የአፍሪካን ምድር በየብስ የሚያቋርጡ መንገደኞች ናይሮቢ በደረሱ ጊዜ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ያርፉና ለወዳጆቻቸው መልእክት ጽፈው በግንዱ ላይ እየሰኩ ይሄዱ ነበር። አንዱ መኪናው በመንገድ ስለ ተሰበረበት የሚዘገይ መሆኑን ያስታውቃል፤ ሌላው ወደ ሞምባሳ መውረዱን ይናገራል፤ ሦስተኛው ደግሞ የመንገድ ጓደኛ ይፈልጋል። ቴሌፎን እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ያ ግራር ለእንግዳው ሁሉ ፖስታ ቤት ሆኖ አገልግሏል።

ቶኒና ሞሪን ዊለር የተባሉ ባልና ሚስት በ1973 ዓ.ም. ሎንሊ ፕላኔት የተባሉትን የመንገደኞች መምሪያ መጻሕፍት ማሳተም ጀመሩ። ይኸው ድርጅት በ1996 ዓ.ም. መንገደኞች በኢንተርኔት የሚጠያየቁበትን ገጽ በከፈተ ጊዜ የገጹን ስም ከናይሮቢው እሾኻም ዛፍ ወሰደ። እንግዲህ ዛሬ በየእጃችን በያዝነው ስልክ የሚካሄደው የመንገደኞች ወሬ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ በናይሮቢ የበቀለ ግራር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ያ ገጽ ራሱ አሁን ተዘግቷል፤ ቦታውን ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ወስደውታል።

ይሁን እንጂ በግራሩ ላይ ይሰካ በነበረው ወረቀትና በስልክ በሚላከው ሥዕል መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ወረቀቱ የሚጻፈው ስሙ ለታወቀ ለአንድ ሰው ነበር፤ ባለቤቱ ካልመጣ ዝናብና ነፋስ ያጠፉታል። የዛሬው ሥዕል የሚላከው ግን ማን እንደሚያየው ሳይታወቅ ነው። የሚመለከተውም ሰው ገና ከቤቱ ሳይነሣ ናይሮቢን አይቶ ይጨርሳል። በኋላ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ሲመጣ የሚፈልገው አዲስ ነገር ማየት ሳይሆን አስቀድሞ ያየውን ሥዕል በቦታው አግኝቶ ራሱን በውስጡ መጨመር ይሆናል። በዚህ ሳምንት ልንነጋገርበት የፈለግነው ነገር ይህ ነው። ከየመሥሪያ ቤቶቻችን ለስብሰባ ወደ ናይሮቢ የሚላኩ ባልደረቦች ጥቂቶች አይደሉም፤ አንዳንዶቹም ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

አንድ አገር በሌላ ሰው ዓይን መታየቱ ስልክ ያመጣው ነገር ነው አንልም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣናቸውን እንዳስረከቡ በ1909 ዓ.ም. ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጡ። እርሳቸውና ልጃቸው ከርሚት በዚያ ጉዞ 512 እንስሳት መግደላቸውን ራሳቸው መዝግበዋል። ፕሬዚዳንቱ የጉዞውን ታሪክ በየጊዜው እየጻፉ ወደ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ይልኩ ነበርና አንባቢው ወር በወር እየተከተለ ያነበው ነበር። ይህ ነገር ዛሬ ወጣቶች በስልካቸው ከሚያደርጉት በምን ይለያል? ጽሑፉን ያነበበ ባለጠጋ ሁሉ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ከዚያም ካረን ብሊክሰን የተባለችው የዴንማርክ ሴት በንጎንግ ተራሮች ግርጌ የነበራትን የቡና እርሻ አስመልክታ በ1937 ዓ.ም. መጽሐፍ አወጣች፤ መጽሐፉም በ1985 ዓ.ም. ፊልም ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ቤቷ ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ። ኬንያ በ1977 ዓ.ም. አደንን በሕግ ከልክላ ስለ ነበር፣ በዚያን ጊዜ የመጣው እንግዳ በትከሻው ያንጠለጠለው ጠመንጃ ሳይሆን የፎቶግራፍ መሣሪያ ነበር።

ታዲያ አዲሱ ነገር ምንድን ነው? አንደኛ፣ ተራኪው አንድ ታዋቂ ሰው መሆኑ ቀርቶ ማንም ሰው ሆኗል፤ ይህም በራሱ ክፉ አይደለም። ሁለተኛው ግን ያሳስበናል። የትኛው ሥዕል ለብዙ ሰው እንደሚታይ የሚወስነው በኩባንያው ውስጥ ያለው የሒሳብ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ሰዎች ዓይናቸውን ረዘም አድርገው ያሳረፉበትን ሥዕል ይመርጥና ለሌሎች ያቀርባል፤ እነዚያም ደግሞ ስለሚያዩት ለሌሎች ይደርሳል። ስለዚህ የታየው ይበልጥ ይታያል፤ ያልታየው እንደ ተሸሸገ ይቀራል። አራት ሚሊዮን ከሚበልጥ ሕዝብ ከሚኖርባት ከናይሮቢ ተመርጠው በየስልኩ የሚዞሩት ሥዕሎች በእጅ ጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው በላንጋታ ሰፈር የሚገኘው ጂራፍ ማነር የተባለው ቤት ነው። በስልክ የሚታየው ሥዕል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ነጭ ጨርቅ የለበሰ የቁርስ ገበታ፣ በገበታው ላይ ፍራፍሬና ሻይ፣ በተከፈተውም መስኮት አንገቷን ያስገባች ቀጭኔ። የሚያይ ሰው በተረት ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የቤቱ ክፍሎች 12 ብቻ ስለ ሆኑ በዚያ ለማደር የሚፈልግ እንግዳ ከብዙ ወራት በፊት መመዝገብ አለበት፤ ዋጋውም የእኛን የመሰለ የወር ደመወዝተኛ የሚደፍረው አይደለም።

የቤቱ ታሪክ ግን ከሥዕሉ ይበልጣል። ቤቱ የተሠራው በ1932 ዓ.ም. ነው። በ1974 ዓ.ም. ጆክና ቤቲ ሌዝሊ ሜልቪል የተባሉ ባልና ሚስት ገዙት። በዚያን ጊዜ ሮትሽልድ የሚባለው የቀጭኔ ዘር ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ምክንያቱም በምዕራብ ኬንያ ሶይ በተባለው ስፍራ ቀጭኔዎቹ ይኖሩበት የነበረው ሰፊ የከብት እርባታ መሬት ለገበሬዎች ሊከፋፈል ሆነ። ገበሬው መሬት ማግኘቱ ተገቢ ነበር፤ ቀጭኔዋ ግን መሄጃ አልነበራትም። ባልና ሚስቱ ዴይዚ ብለው የሰየሟትን አንዲት ግልገል ወደ ላንጋታ አምጥተው እንደ ልጅ በጡጦ አሳደጓት፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ አጠገብ የኬንያ ተማሪዎች መጥተው ስለ ዱር እንስሳት የሚማሩበት ማዕከል ተከፈተ። ከዚህ ዘር የተገኙ ቀጭኔዎች በኋላ ወደ ተለያዩ የኬንያ ፓርኮች ተወስደው ተለቀዋል።

እኛም አንድ ቀን ከስብሰባ በኋላ ወደዚሁ ማዕከል ሄድን። እንግዶች ከቀጭኔዋ ራስ ጋራ ትክክል ሆነው የሚቆሙበት ከፍ ያለ መድረክ አለ፤ ለእያንዳንዱም ለቀጭኔዋ የሚሰጠው ጥቂት ፍሬ የሚመስል መኖ ይታደላል። ከፊታችን አንድ አባትና እናት ስድስት ዓመት የሚሆነውን ልጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ልጁ መኖውን ለቀጭኔዋ ሊሰጥ እጁን ሲዘረጋ አባቱ ስልኩ ስላልተዘጋጀ «ቆይ!» አለው። ሁለተኛም ሲዘረጋ ፀሐዩ ከኋላ ስለ ሆነ ቦታ እንዲለውጥ አዘዘው። በሦስተኛው ጊዜ ልጁ ዘረጋ፤ ቀጭኔዋ ግን ሌላ እጅ አግኝታ ሄዳ ነበር። አስተናጋጁ ኬንያዊ ወጣት ሣቀና ልጁን ወደ መድረኩ ሌላ ጥግ ወስዶ፣ አባቱ ሳይደርስ፣ ከአንዲት ሌላ ቀጭኔ ጋራ አስተዋወቀው። የልጁ ፊት እንዴት እንደ በራ ብንገልጽ እንወድ ነበር፤ ያን ፊት ፎቶግራፍ ያነሣው ሰው አልነበረም። ወጣቱ ያን ጊዜ ስለ ሶይ፣ ስለ እርሻው መከፋፈልና ስለ ዴይዚ ነገረን። በመድረኩ ላይ ሠላሳ ያህል ሰዎች ነበሩ፤ የሰማነው አምስት ብቻ ነበርን።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል፤ ይህን ገጽ ከሚያነቡት ባልደረቦቻችን ብዙዎቹ አማርኛን በመማር ላይ ናቸውና። ቱሪስት የሚለውን ቃል አማርኛችን «አገር ጐብኚ» ይለዋል። «ጐበኘ» ግን ለመዝናኛ ብቻ የተፈጠረ ቃል አይደለም። የታመመ ሰው ይጐበኛል፤ ገዥ አውራጃውን ይጐበኛል፤ ገበሬ ማሳውን፣ ንብ ያለውም ቀፎውን ይጐበኛል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ መቅረብ አለ፤ ምን ጐደለ፣ ምን ተረፈ ብሎ መጠየቅም አለ። እኛ አፋችንን በፈታንበት በትግርኛ ደግሞ አገር ጐብኚው «በጻሒ» ይባላል፤ ይህም በግእዝ «በጽሐ»፣ ማለት «ደረሰ»፣ ከሚለው የመጣ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን ሰው በሁለት ስም መጥራታቸው ደስ ያሰኘናል። በናይሮቢ ያየናቸው ብዙዎቹ እንግዶች በትግርኛው በእርግጥ በጻሕት ናቸው፤ ደርሰዋልና። በአማርኛው ጐብኚዎች መሆናቸውን ግን እንጠራጠራለን።

ሌላው በየስልኩ የሚዞረው ሥዕል አንበሳ ወይም ቀጭኔ ከከተማይቱ ረጃጅም ፎቆች ሥር ቆሞ የሚታይበት ነው። ይህ የተነሣው በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ፓርኩ በ1946 ዓ.ም. የተቋቋመ የኬንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ረጅም መነጽር ያለው የፎቶግራፍ መሣሪያ ሩቁን ወደ ቅርቡ ስለሚያስጠጋ ፎቁ ከአንበሳው ጀርባ የተተከለ ይመስላል። ሥዕሉን አምኖ የመጣ እንግዳ በተራ ስልክ ሲያነሣ ፎቆቹ በአድማስ ላይ እንደ ክብሪት እንጨት ያንሱበታል፤ አስጐብኚውንም ያማርራል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሥዕሉ የማያሳየው ነገር ነው። ፓርኩ በሦስት ወገን በአጥር የታጠረ ሲሆን በደቡብ በኩል ክፍት ነው፤ አንበሶቹ በዚያ እየወጡ ከከብት አርቢዎች ጋራ ይጋጫሉ። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ሞሃውክ የተባለ የታወቀ አንበሳ ከፓርኩ ወጥቶ አንድ ሰው ካቈሰለ በኋላ በጠባቂዎች ተተኵሶበት ሞተ። በዚያን ሰሞን ኢንተርኔቱ በአንበሳው ኀዘን ተጥለቀለቀ። ስለ ቈሰለው ሰው የተጻፈው ግን ጥቂት ነበር።

እንስሳቱም ራሳቸው የሥዕሉ ዕዳ ከፋዮች ሆነዋል። በሐምሌ ወር 2025 ዓ.ም. ከኬንያ ወሰን ማዶ በታንዛንያው ሴሬንጌቲ፣ ዊልደቢስት የተባሉት በሬ መሰል የዱር እንስሳት የማራን ወንዝ ሊሻገሩ ሲሉ ጐብኚዎች ከመኪና እየወረዱ እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ቆመው መንገዳቸውን ዘጉባቸው። ሁሉም ያንን ታላቅ መሻገር በስልኩ ሊያስቀር ይሽቀዳደም ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ነውር ለዓለም ያጋለጠውና የፓርኮቹን ባለሥልጣን እርምጃ ወደ መውሰድ ያነሣሣው ደግሞ በዚያው ስፍራ የተነሣ ሌላ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነበር። መሣሪያው ሁለት ስለት እንዳለው ቢላዋ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንመለስ። በናይሮቢ ኪቤራ የሚባል የድኾች ሰፈር አለ፤ ቤቶቹ በዝገት የቀላ ቆርቆሮ ለብሰው እርስ በርስ ተጠጋግተው የሚታዩበት ሥዕል ከቀጭኔዋ ቀጥሎ ሳይታወቅ አይቀርም። እንግዶችን በገንዘብ እየመሩ ይህን ሰፈር የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። በዚሁ በኪቤራ ያደገውና ሾፍኮ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ያቋቋመው ኬነዲ ኦዴዴ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ በጻፈው ጽሑፍ ይህን አሠራር አጥብቆ ነቀፈ። የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ከቤቱ ደጃፍ ዕቃ ሲያጥብ አንዲት እንግዳ ሴት ድንገት ፎቶግራፍ እንዳነሣችው፣ ያን ጊዜም ምን እንደ ተሰማው ተርኳል። እንግዳይቱ ሥዕሉን ይዛ ሄደች፤ ልጁ ግን እዚያው ዕቃ ሲያጥብ ቀረ። ለጉብኝቱ የሚከራከሩ ሰዎች ሰፈሩ ገቢ ያገኛል፤ የዓለምም ሕዝብ ድኽነትን ያውቃል ይላሉ። ገቢው ለማን እንደሚደርስ መርምሮ የሚሄድ ሰው ካለ እኛ አንቃወመውም። ነገር ግን የገዛ ሚስታችን ልብስ ስታጥብ የማያውቀው ሰው በደጃፋችን ቆሞ ሥዕሏን ቢያነሣ ምን እንደምንል እያንዳንዳችን እናውቀዋለን። የኪቤራ ባል ከእኛ በምን ያንሳል?

በናይሮቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በከተማይቱ በርከት ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ፤ የሌላ አገር እንግዶችም ኬንያውያንም ይመገቡባቸዋል። ከእነዚህ በአንዱ አንዲት በዕድሜ የገፉ ባለቤት አገኘንና «እትዬ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እግዜር ይመስገን፣ ወንድሜ፤ ዘንድሮ ደኅና ነው። አምና ግን አንድ ጐረምሳ ሊያጠፋኝ ነበር» አሉን።

ጐረምሳው ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ ነበር። ገበታው ሲቀርብለት ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይ ፎቶግራፍ አነሣው፤ ከዚያም ጥቂት ቀምሶ ተወው። በማግሥቱ ምግብ ቤቶች በሚመዘኑበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ከአምስት ኮከብ አንዱን ብቻ ሰጥቶ፣ የቀረበለት እንጀራ የተበላሸና የኮመጠጠ መሆኑን ጻፈ።

«እንጀራ ሳይኮመጥጥ መቼ እንጀራ ይሆናል? ሦስት ቀን በእርሾ ያደረ ሊጥ ምን ሊሆን ኖሯል?» አሉ ሴትዮዋ እጃቸውን እያማቱ። «ፊት ለፊት ቢነግረኝ አስረዳው ነበር፤ የማይጥመው ከሆነም ሩዝ እሠራለት ነበር። የእርሱን ጽሑፍ አንብቦ የቀረውን ሰው ግን እኔ የት አግኝቼ ላስረዳው?»

ሁለት ወር ያህል የውጭ እንግዳ ቀነሰባቸው፤ ከሁለቱ አስተናጋጆች አንዷንም አሰናበቱ። በመጨረሻ ልጃቸው በዚያው ገጽ ላይ ጤፍ እንዴት እንደሚፈጭ፣ ሊጡ እንዴት እንደሚቦካና ኮምጣጣነቱ የሙያ እንጂ የብልሽት ምልክት አለመሆኑን በጨዋ ቃል ጻፈች። ጽሑፉን ያነበቡ ሌሎች እንግዶች ያንኑ ኮምጣጣ እንጀራ ለመቅመስ መጡ። የተሰናበተችውም አስተናጋጅ ተመልሳለች፤ ቡናውን የቀዳችልን እርሷ ናት።

ሴትዮዋና ልጃቸው ያደረጉትን ኬንያውያን በአገር ደረጃ አድርገውታል። በመስከረም ወር 2013 ዓ.ም. በዌስትጌት የገበያ ሕንጻ 67 ሰዎች፣ በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች በአሸባሪዎች ተገደሉ። ኀዘኑ እውነተኛ ነበር፤ ጐብኚውም ፈርቶ ቀረ። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ የአባታቸውን አገር ሊጐበኙ ሲነሡ ሲ.ኤን.ኤን. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚሄዱበትን አገር የሽብር መናኸሪያ አድርጎ አቀረበው። ያን ጊዜ በትዊተር (ዛሬ ኤክስ ተብሏል) ብዙ ሺሕ ኬንያውያን «ለሲ.ኤን.ኤን. የሚነግርልን ሰው ይኑር» በሚል የጋራ መፈክር ተነሡ። አንዱ የባሕር ዳርቻውን፣ ሌላው የናይሮቢን የማታ መብራት፣ ሌላው የእናቱን ጓሮ ሥዕል ለጠፈ፤ ቀልዱም በዛ። ይህን መፈክር ኬንያውያን በ2012 ዓ.ም. በዚሁ ጣቢያ ላይ አንድ ጊዜ ተጠቅመውበት ስለ ነበር ልምድ ነበራቸው። በነሐሴ ወር የጣቢያው ከፍተኛ ባለሥልጣን ቶኒ ማዶክስ ወደ ናይሮቢ በርረው ከፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ዘንድ ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በ2005 ዓ.ም. ቢኒያቫንጋ ዋይናይና የተባለው የናኩሩ ተወላጅ ደራሲ የውጭ ሰዎች ስለ አፍሪካ የሚጽፉበትን መንገድ በሚያሥቅ ምጸት ገልጦ የጻፈው ድርሰት የታተመው በእንግሊዝ አገር መጽሔት ላይ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ሕዝቡ መልሱን ለመስጠት መጽሔት መጠበቅ አላስፈለገውም። በየስልኩ ስለሚሠራው ክፋት ብዙ ስለምንናገር ይህን መልካም ሥራውንም መካድ አይገባንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወራት ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ አውጥተው በትልልቅ የግድግዳ ሥዕሎች አገራችንን ለዓለም አስተዋወቁ። ሥዕሎቹን የመረጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» የሚለው መጠሪያ ተተክቷል። ዛሬ ግን መራጩ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። በደቡብ ኦሞ ሙርሲዎች ሥዕላቸውን ለሚያነሣ እንግዳ በሥዕል ቁጥር ገንዘብ መጠየቅ ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ለዕለት ኑሮአቸው የማይለብሱትንም ጌጥ ለፎቶግራፉ ይደርባሉ። እንግዳው «ያልተነካ ባህል» ብሎ የሚልከው ሥዕል ስለ ራሱ ስለ እንግዳው የተዘጋጀ ትርኢት ነው። በላሊበላም በቅዳሴ ሰዓት ከካህኑ ፊት ስልክ የሚደቅን ሰው ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህን የሚያደርገው የውጭ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ እንግዳ ነው፣ ሥርዓቱን አያውቅም ባልን ነበር፤ ነገር ግን ነጠላ ያጣፉ የራሳችን ልጆችም በዚያ አሉ።

ስለዚህ ወደ ናይሮቢ ለሚሄዱ ባልደረቦቻችን ጥቂት ነገር ልንጠቁም እንወዳለን። ከልጆች ጋራ የሚሄድ ሰው በናይሮቢ ፓርክ ጠርዝ የሚገኘውን የሼልድሪክ ድርጅት እናት የሌላቸው የዝሆን ግልገሎች ማሳደጊያ ቢያይ አይጸጸትም። ድርጅቱን በ1977 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዳፍኒ ሼልድሪክ (በ2018 ዓ.ም. ዐርፈዋል) ለዝሆን ግልገል የሚስማማ ወተት ለማግኘት ብዙ ዓመት ደክመዋል፤ የላም ወተት ቅባት እየገደላቸው ስለ ነበር በኮኮናት ዘይት ለውጠው አዳኑአቸው። ሕዝብ የሚገባው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ሲሆን አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ግልገሎቹ ሥዕላቸው በዓለም ሁሉ ስለሚዞር በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች በየስማቸው የወተት ገንዘብ ይልኩላቸዋል፤ እንግዲህ ሥዕል ወተት የሚሆንበት ጊዜም አለ። በዚያ ከመድረስ በፊት ልጆቹን «ሥዕሉን የማነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ብሎ መስማማት ይጠቅማል፤ እኛ ሞክረነው ሠርቷል።

ጊዜ ያነሰው ባልደረባ ደግሞ ስብሰባው በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት በጊጊሪ ከሆነ ሩቅ መሄድ አያሻውም። ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ካሩራ የሚባል ከ1000 ሄክታር በላይ የሆነ ደን አለ። በስልክ የሚታየው በውስጡ ያለው ትንሽ ፏፏቴ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የዚህ ደን መሬት ለግል ሕንጻ ሠሪዎች እየተቈረሰ ይሰጥ ነበር። ዋንጋሪ ማታይ የተባሉት የኬንያ ሴት ምሁር ሴቶችንና ተማሪዎችን አሰልፈው ችግኝ ይዘው ወደ በሩ ሄዱ፤ በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያም በዚያ በር ላይ የተቀጠሩ ዘበኞች ደብድበው ራሳቸውን ፈነከቷቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉ የመጀመሪያይቱ አፍሪካዊት ሴት ሆኑ። በደኑ ውስጥ የእግር መንገዱ በምልክት ተለይቷል፤ ለብስክሌትም ይመቻል። በጠዋት የሄደ ሰው ጦጣና ዲክዲክ ያያል፤ ከዛፎቹም መካከል የትኞቹ በእነዚያ ሴቶች እጅ እንደ ተተከሉ በበሩ ያሉትን ጠባቂዎች መጠየቅ ይችላል።